ሜትሩ 6.8 አሳየ፦ በድሬዳዋ አንድ የወባ ምርመራ ክፍል ውስጥ የተዛባ ባፈር

መነሻ

ድሬዳዋ ውስጥ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ላቦራቶሪ የቫይቫክስ ወባ ለተወሰኑ ወራት ፋልሲፓረም በተባለው ሌላ የወባ ዓይነት ስም ሲመዘገብ ቆየ። አንባቢዎቹ ልምድ ያላቸው ነበሩ፤ ማይክሮስኮፑም ጤነኛ ነበር። ጥፋቱ የተገኘው ማንም ትኩረት በማይሰጠው ቦታ ነው፦ የወባ ስላይድ የሚቀባበት የጊምሳ ቀለም በሚቀጥንበት የፎስፌት ባፈር፣ ማለትም የአሲድና የአልካሊ ሚዛኑን በሚጠብቅ የጨው ፈሳሽ ውስጥ። ጉዳዩን ለመመዝገብ የወሰንኩት ተመሳሳይ ስህተት የትም ላቦራቶሪ ሊደርስ ስለሚችል፣ ሲደርስም ሥራው ያማረ መስሎ ስለሚታይ ነው። የተቋሙንና የሰዎቹን ስም ትቻለሁ። ያዩትን ሳይደብቁ እንድጽፈው ስለፈቀዱልኝ አመሰግናቸዋለሁ።

የላቦራቶሪው ሁኔታ

የድሬዳዋ ወባ እንደ ቀድሞው ዝናብ ጠብቆ የሚመጣ አይደለም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘች። በከተማ ውስጥ ባሉ የውሃ ማጠራቀሚያ በርሜሎችና ታንከሮች ስለምትራባ ደረቁ ወቅት አያግዳትም። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያ ወራት ከተማዋን የመታው ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ የዚህ ላቦራቶሪ የስላይድ ጠረጴዛ በጋ ከክረምት ሥራ አይፈታም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ የላቦራቶሪ ኃላፊ፣ ጥቂት ባለሙያዎች፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ፣ እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ አንድ የፒኤች (የአሲድነት ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ሜትርና አንድ የውሃ ማጣሪያ አለው። ታካሚው መጀመሪያ በፈጣን መመርመሪያ ይታያል፤ ከዚያ ወፍራምና ስስ ናሙና ተዘጋጅቶ በ10 በመቶ ጊምሳ ለ10 ደቂቃ ይቀባል። ዓይነቱን የሚወስነው የስላይዱ ንባብ ነው።

ዓይነቱን መለየት የግድ የሚሆነው ለሕክምናው ሲባል ነው። ፋልሲፓረም በአርቴሜተር ሉመፋንትሪን ይታከማል። ለቫይቫክስ ግን በደም ውስጥ ያለውን ማጥፋት አይበቃም፤ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀረውን ለመግደል ለ14 ቀን የሚወሰድ ፕሪማኪን ይጨመራል። በስህተት ፋልሲፓረም ተብሎ የተጻፈለት የቫይቫክስ ታካሚ ትኩሳቱ ለቆት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከሳምንታት በኋላ በሽታው ከራሱ ጉበት ይነሳበታል።

ባፈሩ የሚዘጋጀው በብዙ የወባ ላቦራቶሪዎች በሚሠራበት ቀመር ነው፦ ለ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 1.0 ግራም ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት እና 0.7 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት። ፒኤቹ 7.2 አካባቢ ይወጣል። የመጀመሪያው ጨው ወደ አልካሊ፣ ሁለተኛው ወደ አሲድ ያዘነብላል። ሁለቱ አብረው ሲሟሙ ትንሽ አሲድም ሆነ ትንሽ አልካሊ ቢገባ ይውጡታል፤ ፒኤቹን የሚወስነው በመካከላቸው ያለው ምጣኔ ነው።

የታየው ችግር

ኃላፊዋ ጥርጣሬ የገባት የወሩን ሪፖርት ስታዘጋጅ ነው። ፈጣን መመርመሪያው ቫይቫክስ ያለባቸው በርካታ ታካሚዎች በስላይድ ፋልሲፓረም ተብለው ተመዝግበዋል። አንዳንዶቹ ስሞች መዝገቡ ላይ ድጋሚ ብቅ ብለዋል፤ ታክመው ሄደው በትኩሳት ተመልሰዋል። የስላይድ ጥራት የመከታተል ሥራ ስለምሠራ መጥቼ እንዳይ ጠየቀችኝ።

ስላይዶቹን ሳይ መጀመሪያ ያስገረመኝ ውበታቸው ነው። ቀይ የደም ሕዋሳቱ ደስ የሚል ሮዝ ቀለም ይዘዋል፤ የነጭ ሕዋሳቱ ኒውክለስ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የቀለም ዝቃጭ የለም። ክፍሉ ውስጥም “ቀለማችን እንደዚህ አምሮ አያውቅም” ይባል ነበር። ወደ ጥገኛው ስንመጣ ግን የጎደለ ነገር ነበር። በስሱ ናሙና ላይ የተያዙት ሕዋሳት ከጎረቤቶቻቸው ገዝፈው ይታያሉ፤ ይህ የቫይቫክስ ጠባይ ነው። በውስጣቸው መታየት የነበረባቸው ሮዝማ የሹፍነር ነጠብጣቦች ግን የሉም። የጥገኛው ሰማያዊ አካል እጅግ ስለገረጣ የሚታየው ቀዩ ነጥብና ቀጭን ቀለበት ብቻ ነው። በወፍራሙ ናሙና ላይ ደግሞ ሕዋሳቱ ፈርሰው ስለሚጠፉ አንባቢው የሚያየው ትናንሽ ቀለበቶችን ነው። ማንም ቢሆን ፋልሲፓረም ብሎ ይጽፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ለነጭ ሕዋሳት ቆጠራ በራይት ቀለም የሚቀቡ ስላይዶች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በፒኤች 6.8 ባፈር ነው። በዚያ ፒኤች ነጭ ሕዋሳት ያምራሉ፤ ቀዮቹም ሮዝ ይሆናሉ። ለወባ 7.2 የተመረጠው ነጠብጣቦቹና የጥገኛው ሰማያዊ አካል እንዲወጡ ነው። ስለዚህ ስላይዱ ለደም ሕዋስ ምርመራ ያማረ ሆኖ ለወባ ግን የማይረባ ሊሆን ይችላል። እኔም ፊቴ የተቀመጠው ሮዝ ስላይድ ባፈሩ ወደ አሲድ ማዘንበሉን እየነገረኝ እንደሆነ ጠረጠርኩ።

መጀመሪያ የተጠረጠሩት

ክፍሉ ግን እኔ ከመድረሴ በፊት ብዙ ሞክሮ ነበር። ስላይዶቹ በሁለተኛ አንባቢ ታይተዋል፤ ውጤቱ አልተለወጠም። አዲስ የጊምሳ ጠርሙስ ተከፍቶ ከአሮጌው ጎን ለጎን ተቀብቷል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሮዝ ሆነዋል። ሜታኖሉም ተለውጧል።

ከዚያ ጥርጣሬው ወደ ውሃው ዞረ። ይህ በድሬዳዋ የሚጠበቅ ነው። የከተማዋ ውሃ ከኖራ ድንጋይ አለት ሥር የሚወጣ ጠንካራ ውሃ ነው፤ የማንኛችንም የሻይ ጀበና ውስጡ ነጭ ቅርፊት አለው። ማጣሪያው ደክሞ ከሆነ የቧንቧው ካልሲየም ወደ ባፈሩ አልፎ ይሆናል ተባለ። ማጣሪያው ታጠበ፣ ቅርፊቱ ተፋቀ፣ ከሌላ ቦታ የተጣራ ውሃ ተለምኖ መጣ። ለውጥ አልመጣም። ሊመጣም አይችልም ነበር፤ ጠንካራ ውሃ ባፈሩን ወደ አልካሊ ገፍቶ ስላይዱን ሰማያዊ ያደርገዋል እንጂ ሮዝ አያደርገውም። ስላይዱ የቀላበትን አቅጣጫ ቆም ብሎ ማየት ይህን ሁሉ ድካም ያስቀር ነበር።

ሙቀቱም ተነሳ። ከቀትር በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት 35 ዲግሪ ያልፋል፤ “ባፈሩን የሚያበላሸው ሙቀቱ ነው” ያለ ነበር። ፎስፌት በዚህ በኩል የታወቀ ታማኝ ነው፤ ፒኤቹ በአንድ ዲግሪ የሚለወጠው በ0.003 ገደማ ብቻ ስለሆነ የ10 ዲግሪ ልዩነት 0.03 ቢያመጣ ነው። ትሪስ በሚባለው ባፈር ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በአንድ ዲግሪ 0.03 ያህል ስለሚወርድ ጠዋት የተስተካከለው ከሰዓት በኋላ ሌላ ባፈር ይሆናል። እዚህ የተጠቀሙት ፎስፌት ስለነበር ሙቀቱን ከጥርጣሬው ዝርዝር ሰረዝነው። በሌላ መንገድ ተመልሶ እንደሚመጣ ግን ያኔ አላሰብንም።

ባፈሩ ራሱስ? ሁሉም ሰው ተለክቷል አለ። የዝግጅት መዝገቡም በእያንዳንዱ ዙር “ፒኤች 7.2” ይላል።

መዝገቡ ውስጥ የነበረው መስመር

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥን። ከወራት በፊት አንድ ዙር ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ተጽፏል፦ “ሜትሩ 6.8 አሳየ። ስለተዛባ በ7.2 ባፈር ተስተካክሏል።” ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ 7.2 ነው።

የጻፈው ወጣት ባለሙያ አጠገባችን ነበር።

“የትኛው 7.2 ባፈር ነው?” አልኩት።

“ያን ዕለት የሠራሁት ነው” አለኝ። “የማስተካከያ ፈሳሹ ካለቀ ቆይቷል። ባፈሩ ሁልጊዜ 7.2 ነው የሚወጣው፤ የሚዋዥቀው ሜትሩ ነው። እርስዎም ያውቁታል።”

እውነቱን ነው፤ ያ ሜትር ከዚያ በፊት ይዋዥቅ ነበር። ቀመሩን ደግሞ ለዓመታት ሲሠራበት አንድም ቀን አላሳፈረውም። የሚታመን ቀመርና የማይታመን ሜትር ሲጋጩ ቀመሩን መረጠ። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ክብ ነው፦ ሜትሩ የሚስተካከለው በባፈሩ፣ ባፈሩ የሚለካው በሜትሩ ሆነ። አንዱ ሌላውን መክሰስ የሚችልበት መንገድ ተዘጋ።

ይህን ልጅ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቀስኩትም። 6.8 ያለውን ቁጥር ሳይጽፍ ቢያልፈው ኖሮ ዛሬም ማጣሪያውን እንፍቅ ነበር። ጉዳዩን የፈታልን የእርሱ መስመር ነው።

ከአንድ ጎረቤት ላቦራቶሪ ፒኤቹ አስቀድሞ የታወቀ፣ ያልተከፈተ የ7.00 እና የ4.01 ማስተካከያ ፈሳሽ ተበደርን። ኤሌክትሮዱን በተጣራ ውሃ አጥበን፣ ጫፉን በለስላሳ ወረቀት ነካ ነካ አድርገን 7.00ው ውስጥ ነከርነው። ቁጥሩ ጥቂት ተንከራትቶ 7.4 ላይ ቆመ። በ4.01ዱ ውስጥ ደግሞ 4.4 አለ። በሁለቱም ነጥብ የተዛባው በእኩል 0.4 ነው። ይህ ትልቅ ነገር ይናገራል፤ ኤሌክትሮዱ ቢያረጅ ኖሮ ስህተቱ በሁለቱ ነጥቦች ላይ የተለያየ ይሆን ነበር። እኩል ሲሆን ኤሌክትሮዱ ደህና ነው፣ የተሳሳተው መነሻው ብቻ ነው ማለት ነው። ሜትሩን በሁለቱ ፈሳሾች አስተካክለን የዕለቱን ባፈር ስንለካው 6.8 ሆነ፤ ከወራት በፊት በመጀመሪያው ቀን የተናገረው ቁጥር።

ጨውና በውስጡ ያለው ውሃ

ቀመሩ ካልተለወጠ፣ ሚዛኑም ደህና ከሆነ፣ 7.2 ይወጣ የነበረው ባፈር ለምን 6.8 ሆነ? መልሱ መደርደሪያው ላይ ነበር። ያ መስመር ከመጻፉ በፊት አሮጌው የዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ጠርሙስ አልቆ አዲስ መጥቷል። አሮጌው ባዶ ጠርሙስ መርፌ መጣያ ሆኖ ስለተቀመጠ ጎን ለጎን አየናቸው። የሁለቱም ስም በትልቅ ፊደል አንድ ነው። በአሮጌው ላይ ከስሙ ቀጥሎ “ውሃ አልባ” የሚል አለ። በአዲሱ ላይ ከኬሚካሉ ቀመር ጫፍ አንዲት ነጥብ ተቀምጣ ከ12 የውሃ ሞለኪውል ጋር እንደሚመጣ ተጽፏል። አሮጌው እንደ ዱቄት ነጭ ነበር፤ አዲሱ ብርጭቆ የሚመስል እርጥብ ክሪስታል ነው።

ሒሳቡ አጭር ነው። የውሃ አልባው ጨው አንድ ሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) 142 ግራም ይመዝናል፤ ባለ 12 ውሃው ግን 358 ግራም ነው። ልዩነቱ፣ 216 ግራም፣ ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአዲሱ ጠርሙስ 1.0 ግራም የመዘነ ሰው ከግማሽ በላይ የመዘነው ውሃ ነው። 7 ሚሊሞል መግባት ሲገባው 2.8 ገባ። አሲዳማው ጨው ግን 0.7 ግራሙን ሙሉ ገብቷል። ምጣኔው ተገለበጠ፤ ፒኤቹም ወደ 6.8 ወረደ። ስሌቱና ሜትሩ ተስማሙ።

መፍትሔውና ያልሠራው

የመጀመሪያው ሐሳብ ፈጣን ነበር፦ በተሠራው ባፈር ላይ የቀጠነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ ጨምሮ 7.2 ማድረስ። አደረግነው፤ በዚያ የተቀባው ስላይድ ላይ ነጠብጣቦቹ ወጡ። ኃላፊዋ ግን ይህን የዘወትር አሠራር ማድረግ አልፈለገችም፤ ልክም ነበረች። በዚያ ባፈር ውስጥ ያለው ፎስፌት ከታሰበው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው። ከሁሉም በላይ ጠብታው የሚዛኑን ስህተት ይሸፍነዋል፤ ነገ ሌላ ጨው ቢመጣ ማንም አያውቅም።

ሁለተኛው ሐሳብ ክብደቱን ማረም ነው። በባለ 12 ውሃው ጨው ልኩ 1.0 ሳይሆን 2.52 ግራም ነው። ከጠርሙሱ መካከል ወስደን ሠራንና 7.2 ወጣ፤ ሁሉም ደስ አለው። በሌላ ዙር ግን ከላይኛው ሽፋን የተወሰደው በዚያው 2.52 ግራም 7.3ን አለፈ። ሙቀቱ በሌላ መንገድ ተመለሰ ያልኩት ይህ ነው። ይህ ጨው በደረቅ አየር ውስጥ ውሃውን ይለቃል፤ ላዩ ነጭ ዱቄት ይሆናል። 35 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ በራሱ ውሃ ውስጥ መቅለጥ ይጀምራል። ማቀዝቀዣ በሌለው የድሬዳዋ ዕቃ ቤት የተቀመጠ ጠርሙስ ከላይ ደርቆ ከሥር ተጋግሮ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ጨው በትክክል መመዘን ምን ያህል ውሃ እንደመዘንክ አያሳውቅም። ሐረር ቢሆን አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ጠርሙሱ ይሻል ይሆናል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን አልበጀም። ጨውን በምድጃ አድርቆ ውሃ አልባ ለማድረግም ተሞከረ፤ ሳህኑ ላይ ቀለጠና ተረጨ።

ውሃ አልባው ጨው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ በመካከለኛ መንገድ ተሠራ። ከባለ 12 ውሃው 2.52 ግራም ይመዘናል፤ በተስተካከለ ሜትር ይለካል፤ ዝቅ ካለ 2 በመቶ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት፣ ከፍ ካለ 2 በመቶ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት በጥቂቱ ይጨመራል። የሚጨመረው ከራሱ ከባፈሩ ጨዎች ስለሆነ ባዕድ ነገር አይገባበትም። ምን ያህል እንደተጨመረም ይጻፋል፤ ብዙ ከፈለገ ጨዉ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮችም በዚያው ተስተካከሉ። ሲመዘን የጣሪያው ማራገቢያ ይጠፋል፤ 0.70 ግራም ሲመዘን በነፋስ የሚዋዥቀው ቁጥር ቀላል አይደለም። ከ1 እስከ 14 የሚያሳየው ተራ የፒኤች ወረቀት ደግሞ ከዚህ ሥራ ወጣ፤ 6.8ንም 7.2ንም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ያደርጋቸዋል።

ሌላ ላቦራቶሪ ሊወስደው የሚችል

ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው ሜትር በራስ ባፈር ፈጽሞ አይስተካከል የሚለውን ነው። የማስተካከያው ፈሳሽ ካለቀ “አልተለካም” ብሎ መጻፍ ይሻላል። ባዶ ቦታ ሰው ይጠይቅበታል፤ 7.2 ተብሎ የተጻፈ ቦታ ግን ጥያቄውን ይዘጋዋል። ሁለቱን ማስተካከያ ፈሳሾች በትንንሽ ከረጢት መግዛትና እያንዳንዱን ከፍቶ ከተጠቀሙ በኋላ መጣል ከትልቅ ጠርሙስ ይሻላል፤ የተረፈውን ወደ ጠርሙስ መመለስ የለም።

ቀጥሎ የግዢ መጠየቂያው ነው። ይህ ላቦራቶሪ “ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 500 ግራም” ብሎ ጠየቀ፤ አቅራቢውም የተጠየቀውን አመጣ። የጨዉ የውሃ ቁጥር የስሙ ክፍል ስለሆነ በጥያቄው፣ በዝግጅት መዝገቡና በባፈሩ ጠርሙስ ላይ ሁሉ መጻፍ አለበት። የክብደት ልወጣውን አስቀድሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍም ይጠቅማል፦ ለውሃ አልባው 1.0፣ ለባለ 2 ውሃው 1.25፣ ለባለ 7 ውሃው 1.89፣ ለባለ 12 ውሃው 2.52 ግራም።

ሜትር የሌለው ላቦራቶሪም ቢሆን አንድ ዳኛ አለው፤ ቫይቫክስ መሆኑ የተረጋገጠ ታካሚ ስላይድ። አዲስ ባፈር በተሠራ ቁጥር ከታካሚ ስላይድ በፊት እርሱ ይቀባ። ነጠብጣቦቹ ከወጡ ባፈሩ ይሠራል፤ ካልወጡ ሜትሩ ያሻውን ቢል ባፈሩ ይደፋ። ያልተቀቡ ስላይዶች ሲቆዩ ራሳቸው ወደ ሰማያዊ ስለሚያዘነብሉ ትኩስ የሆኑትን መተካት ያስፈልጋል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ኃላፊዋ ፈጣን መመርመሪያውና ስላይዱ ያልተስማሙባቸውን ታካሚዎች ከመዝገብ አውጥታ ለሐኪሞቹ ሰጠች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያገኟቸው ተመልሰው መጥተው ታዩ፤ ፕሪማኪን የሚያስፈልጋቸውም ጀመሩ። ቤታቸው ያልተገኘም አሉ፤ በተለይ ለሥራ ከተማ መጥተው የተመለሱት። አሮጌዎቹ ስላይዶች ሊረዱን አልቻሉም፤ በተዛባ ባፈር አንዴ የተቀባው ስላይድ ላይ ነጠብጣቦቹን አውጥቶ ማሳየት አልተቻለም።

ውሃ አልባው ጨው መጣ። በትንንሽ ክዳናቸው በሚጠብቅ ጠርሙሶች ተከፋፍሎ የሚሠራበት ብቻ ይከፈታል። ሲያልቅ በድጋሚ ተጠየቀ፤ በዚህ ጊዜ የውሃ ቁጥሩ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ የመጣው ግን ባለ 2 ውሃው ሆነ፤ አቅራቢው ያለው እርሱ ብቻ ነበር። ያው ወጣት ባለሙያ ጠርሙሱን አዙሮ አነበበ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን አይቶ 1.25 ግራም መዘነ። የተስተካከለው ሜትር 7.2 አሳየ፤ በቁጥጥር ስላይዱ ላይም የሹፍነር ነጠብጣቦች ወጡ። መዝገቡ ላይ የጨዉን ስም ከነውሃ ቁጥሩ፣ ከነክብደቱና ሜትሩ ከተስተካከለበት ፈሳሽ ጋር ጽፎ ፈረመ።